ዘይት የጠገበ ጩቤ

ሶሎ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ የጥንት ጩቤ እያጠበ የሚተዳደር ካርቶ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ካርቶ በሞተ በዓመቱ፣ ጩቤ የሚታጠብበት የሱሮ ወር ሲገባ፣ ሚስቱ ዋርሲኒ የማጠቢያ ገበታውን አውጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ሎሚ ስትጨምቅለት፣ ብሩሽ ስታቀብለው ስለኖረች ሥራውን አሳምራ ታውቀዋለች። ሌላ መተዳደሪያም የላት።

«ሴት የነካችው ብረት ያኮርፋል» አለ ጎረቤቷ ጊኖ አጥሩን ተደግፎ።

«አንተ ራስህ ሚስትህ ስትነካህ መች አኮረፍክ?»

ደፍሮ የመጣላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ዊርዮ፣ ሰው ሁሉ «ምባህ» ማለትም «አያት» የሚለው። የአባቱን ጩቤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣት። የጎረቤቱ ሁሉ ዓይን እዚህ ጩቤ ላይ ነው። ካማረ የሌሎቹም ይመጣል፤ ካላማረ የዋርሲኒ ነገር አበቃለት።

በዝገት የቀላውን ስለት በኮኮናት ውሃ ዘፈዘፈችው፤ እስኪነጣም በሎሚ ፈተገችው። ፀሐይዋ ስትበረታ ብረት የሚያጠቁረውን፣ በሎሚ ጭማቂ የተበጠበጠውን አርሰኒክ ቀባችው። ይሄኔ ብረቱ ከሰል መስሎ፣ በውስጡ ያለው ሐረግ የመሰለ ነጭ ጌጥ ፍንትው ማለት ነበረበት። እሱ ግን እዚህ ጠቁሮ እዚያ ቢጫ ሆኖ፣ ቋቁቻ የወጣበት ፊት መሰለ።

«አላልኩም?» አለ ጊኖ።

ደግማ ቀባችው፤ ያው ነው።  ብረቱ በፀሐይ ሲግል ግን ከጉድጓዶቹ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ወጣ። አሸተተችው፤ የሰንደል ዘይት ነው። ምባህ ዊርዮ እንደ ልማዱ በየሐሙስ ማታው ጩቤውን ዘይት ይቀባል። መቀባቱስ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ያጠጣዋል። ካርቶ የዚህን ሰው ጩቤ ሁልጊዜ ከሌላው አስበልጦ እያቆየ «ይሄ ግትር ነው» ይል ነበር። ለካስ የደረቀ የዘይት ሙጫ ሲፍቅ ኖሯል! ሽማግሌውን ላለማሳፈር ትንፍሽ አላለም። ብረቱ ግን በየዓመቱ ሲፋቅ ጫፉ እንደ ቅጠል ሳስቷል።

እሷም ልክ እንደ ባሏ ዝም ብላ መፋቅ ትችል ነበር። ሽማግሌን ማረም በሶሎ ነውር ነው። ምባህ ዊርዮ ሊወስደው ሲመጣ፣ ፊቱ በርከክ ብላ ጩቤውን አሳየችው።

«ምባህ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዘይቱ በዝቶበታል።»

ሽማግሌው ብረቱን አገላብጦ አየ። ጊኖ ለማየት አጥሩ ላይ ተንጠራራ።

«ካርቶ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግረኝ?»

«ይሉኝታ ይዞት ነዋ፣ ምባህ። እኔ ግን ብረቱ ሲያልቅ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።»

ሽማግሌው ተቀመጠ። 

«አባቴ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም፣ ልጄ። ሐሙስ ማታ ዘይቱን ሳፈስ ከእሱ ጋር አወራለሁ። ወሬው ሲረዝምብኝ ዘይቱም ይረዝማል።»

ዋርሲኒ ጩቤውን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

«አሁን ሙጫውን ለመጨረሻ ጊዜ አወጣለታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ወሬውን ያብዙት፤ ዘይቱን ይቀንሱ።»

ምባህ ዊርዮ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከዚያም ወደ አጥሩ ዞረና፦

«አንተ ጊኖ፣ ምን ቆመሃል? ሂድና ያንተንም ጩቤ አምጣላት!»