የወንድሜ አዲስ ቀስት

ወንድሜ ይዞት ሲገባ ከሩቅ የብስክሌት አካል መስሎኝ ነበር። እኔ በሥዕል የማውቀው ቀስት አንድ የጎበጠ እንጨትና አንድ አውታር ነው። ይኼ ግን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ ጎማዎች ነበሩት፤ በጎማዎቹ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ መሐል ላይ ተሻግሮ ያልፋል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሳህኖቹን ወደ ጥግ ሰበሰብኩ። ከምግብ ዕቃ ጋር እንዲነካካ አልፈለግኩም።

የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አባቴ፣ ወንድሜና እኔ ከሱዳን አትላንታ ገብተን አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ አፓርትመንት ተከራይተን ነበር። ወንድሜ ኢስት ፖይንት ካለ መጋዘን ሌይኦፍ ተደርጎ ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ቤቱ የሚኖረው በእኔ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተናገረው ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ ከማዕድ መነሳት ጀምሮ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ፣ አንድ አጋዘን ለክረምቱ ይበቃችኋል ብሎ አደን አስለመደው።

«ሥራ ሳይኖርህ መጫወቻ ገዛህ?» አሉት አባቴ።

«ሥጋ አመጣልዎታለሁ አባባ።»

«ሳይታረድ የሞተ በክት ነው።»

«ሳይሞት እደርስበታለሁ። ካራ ይዤ ነው የምሄደው፤ በስመ አብ ብዬ አርደዋለሁ።»

አባቴ ቀስቱን ትንሽ አዩትና «ከደረስክ እበላለሁ» አሉ።

እንድሞክረው ሰጠኝ። ስስበው ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቀስ ብዬ መለስኩት። እሱ ሲስበው መጀመሪያ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ከዚያ ጎማዎቹ ዞሩና ክብደቱ በድንገት ቀለለለት። አውታሩን ጉንጩ ላይ አስደግፎ፣ ግድግዳውን እያየ፣ ያለ ጭንቀት ቆመ። ፊቱ እንደዚያ ዐርፎ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ሊገድል የተዘጋጀ ነገር እንዲህ ቀልሎ መያዝ ያለበት አልመሰለኝም።

ሊቶኒያ ባለው የአሜሪካዊው ባልደረባው ጓሮ ሳምንታት ተለማመደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሥጋውን በበረዶ ሣጥን ይዞ መጣ። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። በበርበሬ ጠብሼ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቀረብኩ። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ጸለዩና፣ ከመቁረሳቸው በፊት «ደረስክ?» አሉት።

ደርሻለሁ እንዲል በልቤ ለመንኩት። ማንም አላየውም፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

የተወጋው አጋዘን ወደ ጫካው እንደሮጠ፣ ደሙን ተከትሎ ለረጅም ጊዜ እንደፈለገው ተናገረ። ሲናገር የሚያየው ሳህኑን ነበር።

«ሳገኘው ዓይኑ ክፍት ነው፤ ትንፋሽ ግን የለውም። ቢሆንም በስመ አብ ብዬ ካራውን አሳርፌበታለሁ።»

«ልጄ፣ የሞተ አይታረድም» አሉ አባቴ። ቁጣ አልነበራቸውም። እጃቸውን ሰብስበው ዳቦ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ።

ወንድሜ ብቻውን ጥቂት ጎረሰ። ሲያላምጥ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

የቀረውን ሥጋ በማግሥቱ ለባልደረባው ወሰደለት። ከዚያ በኋላ እራት ሲቀርብ «በልቻለሁ» ይል ጀመር። አባቴ ያምኑት ነበር። የማበስለውም ድስቱን የማጥበውም እኔ ስለሆንኩ ግን ከምግቡ የጎደለ እንደሌለ አይቼ እንዳልበላ አውቅ ነበር።