እማዬና የአሳማው ሩዝ

እራት ምን ልሥራ ስላቸው የልጆቼ መልስ አንድ ነው፤ በአሳማ ሥጋ የተጠበሰ ሩዝ። ደክሞት ለሚገባ ሰው ቶሎ ይደርሳል። እማዬ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልትጠይቀን ከመጣች ወዲህ ግን አሳማ ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ነች ብዬ ስጠብስ ከች አለች። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። መስኮት ልከፍት ስል ልጄ፣ "ፖርክ ነው፣ ግራንማ" አለቻት።

እማዬ ነጠላዋን አስቀምጣ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደችና፣ "ለዚህ እኮ ያደረ ሩዝ ነው የሚሆነው" አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ እማዬ የቻይና መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር። ስትመጣ ሮጬ ላቅፋት ስል "ቆዪ፣ አትንኪኝ" ብላ፣ ቧንቧው ጋ ታጥባ፣ ቀሚሷን ቀይራ ነበር የምታቅፈኝ። በአቧራው ምክንያት ይመስለኝ ነበር።

"እማዬ፣ ጽዳት አልነበርሽ እንዴ?"

"አሳማ የምጠብስ ወጥ ቤት ነኝ ብል፣ ጎረቤት ቤታችን እህል ይቀምስ ነበር?"

ሩዙ ሲደርስ ልጄ ደስ ብሏት ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። እማዬ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

"ቆዪ፣ አትንኪኝ። መጀመሪያ ልታጠብ።"