የጥፍር ውፍረት

በዚያ የኅዳር ጠዋት ቶሪኖ ላይ የተኛው ጉም እጁን ለዘረጋ ሰው የገዛ ጣቱን የማያሳይ ነበር። ዴልፊና የመኪና አካል የሚሠራበትን የካሮሰሪያውን ግቢ በር ገፍታ ስትገባ አዲሷ መኪና አልታየቻትም፤ ከመኪናዋ አጠገብ የቆመው የባሏ የኤቫዚዮ ሲጋራ ፍም ብቻ ታያት።

«መጣሽ?» አላት።

«የት እሄዳለሁ» አለችው።

በአራት ሰዓት ኮሜንዳቶር ሳንጋሊ የሚባል ባለማዕረግ የፋብሪካ ሰው ከሚላኖ ይመጣል። መኪናዋን ቀለም ሳትቀባ፣ ብረቷ እርቃኑን እንዳለ፣ ግቢ ውስጥ በቀን ብርሃን ያያታል። ከወደዳት ፋብሪካው ይሠራታል። ካልወደዳት ኤቫዚዮ ከንድፍ ጠረጴዛው ይነሣል። የካሮሰሪያው ባለቤት ኢንጂነር ሮቫሬ ነገሩን አልሸፋፈነም፤ ሁለት መኪና ተመልሶብናል፣ ሦስተኛው ከተመለሰ ታች ወርደህ የሌሎችን ንድፍ ትገለብጣለህ ብሎታል። ሃያ ዓመት የራሱን መስመር ሲያወጣ ለኖረ ሰው ይህ ከመባረር ይብሳል። የተባረረ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል፤ ቁልቁል የወረደ ግን በየቀኑ የገዛ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያያል።

ኤቫዚዮ ቤርቶሊኖ የእንጨት ጠራቢ ልጅ ነው። አባቱ ባትላሜራዎች ብረቱን እየቀጠቀጡ የሚያለብሱትን የእንጨት ቅርጽ በዚያው ግቢ ይጠርብ ነበር። ልጁ በአሥራ አራት ዓመቱ ሞረድ ያዘ፤ ከጦርነቱ በኋላ እርሳስ ያዘ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖቹ ክብ ነበሩ፤ ፓራፋንጎዋቸው እንደ በሰለ ኮክ የሞላ፣ ኮፈናቸው እየቀጠነ ወደ መሬት የሚንሸራተት። መስመሩን የሚያወጣው አባቱ ከጠንካራ እንጨት በጠረበለት ጎባጣ ማስመሪያ ነበር። ሰው ይወድለት ነበር። ዴልፊናን ያገኛትም ያኔ ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ ታፔሴሪያ ክፍል ወንበር ትሰፋ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። እንደ ቢላ የተሳሉ፣ ጠርዝ ያላቸው መኪኖች መጡ። በአንድ አውደ ርእይ ላይ አንድ የሌላ ቤት ነዳፊ የኤቫዚዮን መኪና ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ይቺ እርሾ በዝቶባታል፤ እስከ ነገ ከተዋችኋት በበሩ አትወጣም» ብሎ ሰው አሳቀበት። ኤቫዚዮ በማግሥቱ የአባቱን ጎባጣ ማስመሪያዎች ወስዶ ማገዶ ላይ ጣላቸው። ዴልፊና አንሥታ በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቀለለቻቸውና ከስፌት መኪናዋ ሥር አስቀመጠቻቸው። አልነገረችውም። የተናደደ ባልን መምከር የተወችው በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲህ ኤቫዚዮ በቀጥታ ማስመሪያ ብቻ ይሠራ ጀመር። ይቺ ሦስተኛዋ መኪና ከፊት መብራቷ እስከ ጅራቷ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጎኗ ሄዶባታል። ብረቷን የቀጠቀጠው ባትላሜራ ሽማግሌው ጋውዴንሲዮ ነው፤ ግቢው ሁሉ ባርባ ይለዋል፣ አጎቴ እንደማለት። ባርባ ገና በመስከረም ለኤቫዚዮ ነግሮት ነበር።

«ይሄ መስመር ሞቷል» አለው። «ቀጥ ያለ ብረት ለዓይን ቀጥ አይልም፣ ይጎደጉዳል። ትንሽ ትንፋሽ ስጠው።»

«ምን ያህል?»

«የጥፍር ውፍረት።»

«ማስመሪያዬ የጥፍር ውፍረት ስሕተት የለበትም፣ ባርባ።»

«ማስመሪያህ መኪና አይገዛማ።»

ኤቫዚዮ ግን ያቺን የጥፍር ውፍረት ልክ እንደ ድሮው እርሾ ቆጠራት። በወርክሾፑ አምፖል ሥር መኪናዋን ሲያያት መስመሯ እንደ ተወጠረ ክር ነበር። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። ዴልፊና የመጨረሻውን የወንበር ልብስ ታቅፋ ስትመጣ ብርሃኑ በመኪናዋ ጎን ላይ ወደቀ። መስመሩ ከፊት ደህና ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ጭነት እንደ በዛበት የበቅሎ ጀርባ ሰመጠ። ወንበር ስትሰፋ የኖረች ሴት ይህን ታውቀዋለች። ሽፋኑን የቱንም ያህል ብትወጥሪው፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ካልሞላሽበት የተቀመጡበት ይመስላል።

ጉሙ ተመልሶ ሲከደን ምንም እንዳላየች ልታልፍ አሰበች። ግን እሷ ዝም ብትል ኮሜንዳቶሩ ዝም አይልም።

«ኤቫዚዮ፣ እኔ የቆምኩበት መጥተህ ቁም» አለችው።

መጥቶ ቆመ። ብርሃኑ እስኪመለስ ጠበቁ። ተመለሰ። ኤቫዚዮ ረጅሙን ማስመሪያ አንሥቶ ብረቱ ላይ አስደገፈ፤ ፀጉር አያሳልፍም። ሲያነሣው መስመሩ ሰመጠ። ሲያስደግፈው ቀጥ አለ። በሦስተኛው ማስመሪያውን መሬት ላይ አጋደመው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን። ባርባ ግን ከመስከረም ጀምሮ ያውቃል።»

ባርባ ከነመዶሻው መጣ። ማታ ነጭ ሽንኩርት የሚበዛበትን ባኛ ካውዳውን በልቶ ስለነበር ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ደረሰ። «ለብረቱ ትንፋሽ ስጥ ስልህ እምቢ አልክ» አለው፣ «እንግዲህ የእኔን ቻል።» ከዚያ በሩን በእጁ ዳበሰና ከውስጥ ነው የምመታው፣ የውስጡ ልብስ መነሣት አለበት አለ። ያ ልብስ የዴልፊና የሦስት ሳምንት ስፌት ነው። ማንም ሳይጠይቃት ምላጯን አውጥታ መተርተር ጀመረች። እሱን ስትጨርስ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ጥቅሉን አምጥታ በባሏ እግር ሥር ፈታችው።

ኤቫዚዮ የአባቱን ማስመሪያዎች አየ፤ እሷንም አየ። ረጅሙን፣ ጎባጣነቱ ከሩቅ የማያስታውቀውን መርጦ ብረቱ ላይ ያዘ። ባርባ ከውስጥ የበሽተኛ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀስ፣ ቀስ እያለ ይመታ ጀመር።

አንዱን ጎን እንጂ ሁለቱን እንደማያደርሱ ወዲያው ገባቸው። ግራውን መረጡ። አንዱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ወደ ግቢው በር ጆሮውን ይጥላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንጂነር ሮቫሬ ወጥቶ የተተረተረውን ልብስ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ኤቫዚዮ የሆነውን ነገረው። ሮቫሬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። የኮሜንዳቶሩ ባቡር በጉሙ ምክንያት አንድ ሰዓት እንደዘገየ አስታወቀና፣ ጨርሳችሁ ቀኙን ጎን ከግንቡ አስጠጉት፣ ሰውዬው ግራውን አይቶ ይሂድ ብሎ ገባ።

አምስት ሰዓት ላይ ኮሜንዳቶር ሳንጋሊ ደረሰ። አጭር፣ ሻርፕ እስከ ጆሮው የጠቀለለ ሰው ነው። ጉሙ ከጣሪያ በላይ እየተገፈፈ ነበር። ሰውዬው ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ አስመጥቶ ግራውን ጎን ራሱ ወለወለ። በርከክ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። መዳፉን ከመብራቱ እስከ ጅራቱ አስኬደ። ራሱን ነቀነቀ። ዴልፊና መርፌዋ ገና ደረቷ ላይ እንደተሰካ ቆማ ነበር።

«አሁን ከግንቡ አውጧት» አለ።

«ቀኙም ያው ነው፣ ኮሜንዳቶር» አለ ሮቫሬ። «ውስጥ ቬርሙት ተቀድቶ ይጠብቀናል።»

«ያው አይደለም» አለ ኤቫዚዮ። «ቀኙ ተበላሽቷል። በማስመሪያ ብቻ ነው የሠራሁት። ስሕተቴን ዛሬ ጠዋት አየሁ፤ ሁለቱንም ለማረም ጊዜ አልነበረም።»

ሮቫሬ ጫማውን ተመለከተ። መኪናዋን ገፍተው አወጧት። ፀሐይዋ ያን ጊዜ ወጣችና ቀኙ ጎን ጉድለቱን አንድም ሳይደብቅ አሳየ። ሰውዬው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመላለሰ። ዴልፊና ዙሩን መከተል አቅቷት ዓይኗን ከመሬት ላይ ተከለች።

«ማነው ያየው?» አለ በመጨረሻ።

«ባለቤቴ።»

«የመታውስ?»

ኤቫዚዮ ወደ ባርባ ጠቆመ። ሰውዬው ወደ ባርባ አንድ እርምጃ ተራምዶ መልሶ ወደ ኋላ ሸሸ። «ግራውን እወስዳለሁ» አለ። «ቀኙን ዳግመኛ እንዳታሳዩኝ። አንቱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን ይቀንሱ።»

መኪናዋ ተሠራች። እንደ ልማዱ የሮቫሬ ስም ተለጠፈባት። ሮቫሬ በእንግዳ ፊት ውሸታም መባሉን ይቅር አላለም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ኤቫዚዮን ለግብዣ ጠርቶት አያውቅም። ጠረጴዛውን ግን አልወሰደበትም። ኤቫዚዮ አሥራ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ነደፈ። ሰው የእሱን መኪኖች ቀጥ ያሉ እያለ ያወድሳቸው ነበር፤ አንድም ቀጥ ያለ መስመር ግን አልነበረባቸውም። ኮምፒዩተር ሲመጣ አንድ ዓመት ታገለና ጡረታ ወጣ። ባርባ ከዚያ ቀደም ሞቶ ነበር።

ኤቫዚዮ አሁን ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው። በባሪዬራ ዲ ሚላኖ ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከዴልፊና ጋር ይኖራል። ሮቫሬ ያኔ ታች ትወርዳለህ ብሎት ነበር፤ አሁን ጉልበቱ ስለደከመ ወደ ታች አይወርድም።