መስመር የረገጠው ጫማ

ካሳነሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዲላ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ትሸጣለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሱቋን ለእህቷ ትታ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የታዳጊ ሴቶች መረብ ኳስ ልትዳኝ ትሄዳለች። በተማሪነቷ ጎበዝ ተጫዋች ነበረች። ካገባችና ከወለደች በኋላ መጫወቱ ቢቀርም ሜዳው ከልቧ አልወጣም ነበርና የዳኝነት ስልጠና መጣ ሲባል ከወንዶቹ መሃል ብቻዋን ተቀምጣ ተማረች።

ልጆቹ በሌለችበት «መስመር» ይሏታል። ኳስ የምትለጋ ልጅ ኳሷን እስክትመታ ድረስ የሜዳውን የኋላ መስመር መርገጥ የለባትም። ብዙ ዳኞች የልጆች ጨዋታ ነው ብለው ይህን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ካሳነሽ አታልፍም። በዚያው ልክ ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ሜዳውን ራሷ ትዞረዋለች፤ ዝናብ ያጠበው መስመር ካገኘች ኖራ አስበጥብጣ እንደገና ታሰምራለች። ልጅ በማይታያት መስመር መቀጣት የለባትም ባይ ናት።

ባለፈው ጥቅምት የጎረቤቷ ከተማ የጪጩ ልጆች ከዲላ ልጆች ጋር ሊጫወቱ መጡ። ከመሃላቸው ሉሲ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አመታቷ ለጉድ ነው። ኳሷ መረቡን እንዳለፈች ድንገት ቁልቁል ትወርዳለች። ችግሩ እግሯ ላይ ነበር። ገና የመጀመሪያዋን ስትለጋ የጫማዋ ጫፍ መስመሩን ነካ። መረቡ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የቆመችው ካሳነሽ ፊሽካዋን ነፋች፤ ነጥቡም ኳሱም ለዲላ ሆነ። ተራዋ ሲመለስ ሉሲ ደግማ ረገጠች፤ ካሳነሽም ደግማ ነፋች። ሦስተኛው ላይ ተመልካቹ አጉረመረመ። የዲላ ልጆች ወላጆች ሳይቀሩ፣ ምናለ ለልጅ ብትተወው አሉ። የመጀመሪያውን ዙር ዲላ ወሰደ።

በእረፍቱ የጪጩው አሰልጣኝ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ወልዱ፣ ፊታቸውን አኮሳትረው መጡ።

«እህት ዓለም፣ መስመሩን የነካው እኮ ጫማው ነው፤ እግሯማ ወደኋላ ነው ያለው» አሏት።

ካሳነሽ ከጠረጴዛው ወርዳ ልጅቷን ጠራች። ጎንበስ ብላ የጫማውን አፍንጫ ስትጫነው ውስጡ ጨርቅ ብቻ ነው።

«የማን ጫማ ነው?»

«የወንድሜ» አለች ሉሲ አንገቷን ደፍታ።

«እንግዲያው ሦስቴም የረገጠው ወንድምሽ ነዋ። ቅጣቱን ግን አንቺ ተቀበልሽለት።»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች። ጋሽ ወልዱም ሊስቁ ሲሉ ዋጥ አደረጉት።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ካሳነሽን አሳዝናታለች። ግን እንዴት ትተወው? የዲላዎቹ ልጆች ከመስመሩ ኋላ መቆምን የለመዱት ስንት ቅዳሜ ተነፍቶባቸው ነው። ትንሽ አሰብ አደረገችና ዳኛ ከፈቀደ በባዶ እግር መጫወት እንደሚቻል ለጋሽ ወልዱ ነገረቻቸው። የዲላዋን አሰልጣኝ ትንሳኤንም ጠየቀቻት፤ እሷም «ደስ እንዳላት ትጫወት» አለች። ከዚያ ካሳነሽ ሉሲ ወደምትለጋበት ቦታ ሄዳ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅማ ጣለች። ይህን ያዩ የዲላ ልጆችም መጥተው አገዟት።

ሉሲ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። የመጀመሪያዋ ኳስ መረቡ ላይ ቀረች፤ የልጅቷ ፊት ቀላ። ተራዋ ሲመለስ ግን የእግሯን ጣቶች አፈሩ ላይ ተከል አድርጋ መታቻት። ኳሷ ሄዳ ሁለት ልጆች መሃል ወደቀች፤ አንቺ አንቺ ሲባባሉ ማንም አልነካትም። ካሳነሽ እጇን ወደ ጪጩ ስትዘረጋ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ያንን ዙር ጪጩ ወሰደ። የመጨረሻው እስከ ጫፍ አናንቆ በሁለት ነጥብ ለዲላ ሆነ፤ ግን የጪጩዎቹ ጭፈራ ሲታይ የተሸነፉ አይመስሉም ነበር።

ሲጨርሱ ጋሽ ወልዱ ካሳነሽን ጭማቂ ቤት ወስደው አቮካዶ ጋበዟት። ብርጭቋቸው ግማሽ እስኪደርስ ድረስ፣ የሷ ፊሽካ ጨዋታ እንደሚያደፈርስ ሲነግሯት ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኛ ጋ ስለ መስመሩ የሚነግራቸው ሰው የለም። ልጆቹ ጥፋታቸውን የሚያውቁት በሰው አገር ሲነፋባቸው ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ብቅ ብትይልን?»

ካሳነሽ ሱቁን አሰበች፤ እህቷ የምትለውንም አሰበች። እሺ አለች።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በባጃጅ ጪጩ ትሄዳለች። ገና ስትወርድ ልጆቹ ይከቧታል፤ ማን ቀድማ እንደምትለጋ ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ወልዱ ጥላ ስር ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቋታል፤ በነፋች ቁጥር ግን ዛሬም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጉረመርማሉ።