ትናንትን አቀዝቅዘዋል

ወንድሜ አስፋልት አንጣፊ ነው። በበጋ በቤኤር ያዕቆብ አዳዲስ ሰፈሮች መንገድ ሲያነጥፍ ውሎ ሲመለስ አንገቱ በፀሐይ ተልጦ፣ ጫማው ሬንጅ ጠጥቶ ነው። አንድ ዓርብ ረሆቮት እኔ ቤት ጎራ አለና፣ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሥር ተቀምጦ ቅዝቃዜው ፊቱን ሲመታው ጥቂት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ስልኩን አቀበለኝ።

«ይኸን እይው እስቲ። ያንችን ሚስራድ ነው የሚያወራ» አለኝ። እኛ ዘንድ መሥሪያ ቤትን በዕብራይስጥ ስሙ ሚስራድ ማለት ለምዶብናል።

በቪዲዮው ላይ ጸጉሩ የሸበተ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ረጋ ብሎ ይናገራል። ከኋላው ሰማያዊና ቀይ መስመር ተሥሏል። ሰማያዊው ድሮ የተለካው የአየር ሙቀት፣ ቀዩ ደግሞ እኔ የምሠራበት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በኋላ ያስተካከለው ነው። በድሮዎቹ ዓመታት ላይ ቀዩ ከሰማያዊው ዝቅ ብሎ ይታያል። ሰውየው ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ፣ «ዛሬን ማሞቅ ስላልቻሉ ትናንትን አቀዝቅዘዋል» አለ። ያለፈው ሲቀንስ ዛሬ የሞቀ ይመስላል ማለቱ ነው።

ቀዩን መስመር ወዲያው አወቅሁት። የእኔ ሥራ ነው። እንጀራዬ የድሮ የሙቀት ልኬቶችን መመርመርና ስሕተት ካለባቸው ማረም ነው። መስመሩ የተሠራበት የሙቀት መለኪያ ጣቢያ ብዙ ዘመን የቆየው ከግንብ አጠገብ፣ መኪና በሚቆምበት የአስፋልት ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ለግንባታ ሲፈለግ መለኪያው ተነቅሎ ከአንድ የብርቱካን እርሻ ዳር፣ ሣር ላይ ተተከለ። ከዚያ ጀምሮ የሚያነበው ቁጥር ዝቅ አለ። አገሩ አልቀዘቀዘም፤ ቦታውን የቀየረው ቴርሞሜትሩ ነው። ስለዚህ ካልተነቀሉት ጎረቤት ጣቢያዎች ጋር አስተያየሁና፣ አስፋልቱ የጨመረውን ሙቀት ከድሮዎቹ ዓመታት ላይ ቀነስሁ። ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር አልተሰረዘም። ሰውየው ያን ሰማያዊ መስመር ከየት አመጣው? ከእኛው ድረ ገጽ ነው እንጂ። ገልጠን ያስቀመጥነውን አንሥቶ «ደብቀው ነበር፣ አገኘሁባቸው» ይላል። ደሜ ፈላ።

ሌላም ጣቢያ አለ፤ ከተማው እያደገ መጥቶ በፎቅ የከበበው። እዚያ ያረምሁት የቅርቦቹን ዓመታት ነው፤ ቀንሼ። ቀዩ መስመር እዚያ ከሰማያዊው ይልቅ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያሳየው። እሱን ግን አላሳየም።

ይኸን ሁሉ ለወንድሜ ነገርሁት። እጁን ሲታጠብ አዳመጠኝና፣ «የጻፈውን አንዴ ያረመ ሰው ሁለተኛም ያርማል» አለኝ።

«አንተ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ቆመህ ትውላለህ፤ መጥተህ ደግሞ ሙቀቱ ፈጠራ ነው ትለኛለህ?»

«ሙቀት የለም መች አልሁ። አራሚውን አላምንም ነው ያልሁት። የእኔን ልደት ማን ነው ያረመው?»

ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን የመጣን ጊዜ እኔ የእናቴ ጀርባ ላይ ነበርሁ፤ እሱ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነው። የመዘገበን ሰው የወንድሜን የልደት ቀን ጠየቀ። እናቴ በመኸር፣ ጤፉ ሲታጨድ እንደወለደችው ተናገረች። ሰውየው ገመተና ከዕድሜው ከፍ አድርጎ ጻፈ። ስሙንም እግረ መንገዱን ለወጠው። ወንድሜ በዚያ ወረቀት የተነሣ ከሚበልጡት ልጆች ጋር ተማረ፤ ጢሙ ገና ሳያቆጠቁጥ ጦር ሠራዊት ገባ። ለምን ብሎ የጠየቀም፣ ምክንያቱን የነገረውም የለም።

ቢሆንም እኔን ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ አንገበገበኝ። ይኸንኑ ነገርሁት። የሰንበት ራት ሳይበላ ወጥቶ ሄደ።

ጥቂት ሰንብቶ ደወለና፣ ያ የቪዲዮው ሰው በክፋር ግቢሮል ሰፈር የማኅበረሰብ ማዕከል ንግግር ሊያደርግ እንደተጋበዘ ነገረኝ። መልስ ካለኝ መጥቼ እንድመልስለት ነው። በማግሥቱ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁ። ጨዋ ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር መከራከር ለእነሱ ክብር መስጠት ነው አለችኝ፤ ማብራሪያው በድረ ገጹ ላይ ተቀምጧል፣ የፈለገ ያንብብ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የሙያው ሰው ራሱ የሚያንጎላጅበት ረጅም ጽሑፍ ነው። ወንድሜ ሊያነበው እንደማይችል ነገርኋት።

«ወንድምሽ የእኛ አንባቢ አይደለም» አለችኝ፤ በለሆሳስ።

ፈቃዱን ትቼ ሄድሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ መካከላቸውም ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ አረጋዊ የማኅበረሰባችን ቄስ ተቀምጠዋል። ከኋላ ዕብራይስጥና አማርኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ ወጣቶች። ሰውየው በዕብራይስጥ ሲናገር የማዕከሉ ሠራተኛ የሆነች ሴት ወደ አማርኛ ትመልስ ነበር። መስመሮቹን አሳየ፤ ያቺን የለመዳትን ዐረፍተ ነገርም ተናገረ። ከዚያ አንድ ታሪክ ጨመረ። የማኅበረሰባችሁ ልጅ የሆነ አንድ ሠራተኛ፣ ልደቱና ስሙ በአንድ ጸሐፊ እጅ ተለውጦበት በልጅነቱ ወታደር ሆነ፤ ቢሮዎች «አረምን» ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዳንድ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

የወንድሜ ታሪክ ነው። ዞር ብዬ አየሁት። አቀርቅሯል።

በንዴት ተነሣሁ። በአማርኛ ነው የተናገርሁት፤ ቀዩን መስመር የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ ስለ አስፋልቱ ግቢ፣ ስለ ብርቱካን እርሻው፣ ስላላሳየው ስለ ሁለተኛው ጣቢያ። ከዚያ ጣቢያው ተነቅሎ እንደነበር ያውቅ እንደሆነ በተርጓሚዋ በኩል ጠየቅሁት። አውቃለሁ አለ፤ ያለ ኀፍረት። ታዲያ የተበላሸ ልኬት ይጣላል እንጂ ለምን ይታረማል ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ጥያቄው የማይረባ አልነበረም፤ የሙያው ሰዎችም ይከራከሩበታል። ብንጥለው የብዙ ዘመን ልፋት አብሮ እንደሚጣል፣ ደግሞም ያን ጣቢያ ጨርሶ ትተን የዓለሙን ብናሰላ መስመሩ ወደ ላይ መውጣቱን እንደማይተው መለስሁለት። የባሕሩንም ነገርሁ። ድሮ መርከበኞች የባሕር ውሃ በባልዲ ቀድተው ሲለኩ ውሃው ነፋስ እየመታው ይቀዘቅዝ ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ልኬት የታረመው ወደ ላይ ነው። የብስና ባሕር ተደምሮ ሲታይ እርማቱ የረጅሙን ዘመን የሙቀት ጭማሪ ይቀንሰዋል እንጂ አያበዛውም።

ሰውየው ፈገግ አለ። «ደመወዝተኛ ናት፤ ሌላ ምን ትበል?» አለ።

ጥቂቶች ሳቁ። ያን ጊዜ ቄሱ እጃቸውን አነሡና አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ልጄ፣ የፊተኛው ጽሑፍ አለ ወይስ ተፍቋል?»

«አለ አባ፤ አልተፋቀም።»

«ለምን እንደታረመስ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ» አልሁ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ፊት ዞሩ። ከሰዎቹ ሳቅ ይልቅ ይህ አቃጠለኝ። ከዚያ አዳራሽ እንግሊዝኛ የሚያነበው ስንቱ ነው?

ሲያበቃ ወንድሜን ከመኪናው አጠገብ ያዝሁት። ከቪዲዮው ሥር የጻፈለት፣ ኋላም በስልክ ታሪኩን ያጫወተው እሱ ራሱ መሆኑን ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ሰው አገኘሁ ብዬ ነው የነገርሁት። በአደባባይ ያወጣዋል መች አልሁ! ላውጣው ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝ» አለ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ላጽናናው ይገባኝ ነበር፤ ግን ንዴቴ ቦታ አልሰጠኝም። «እኔን ሳትጠይቅ እሱን አመንህ» አልሁት። ሁለታችንም በየፊናችን እንደተናደድን ተለያየን።

እሑድ አለቃዬ አስጠራችኝ። አንድ ሰው ቀርጾኝ ኖሯል። ሕግ እንደጣስሁ ነገረችኝ፤ አልካድሁም። ግን ማብራሪያውን ሰው በሚገባው ዕብራይስጥና አማርኛ መጻፍ እንደምፈልግ፣ መሥሪያ ቤቱ እምቢ ካለም በገዛ ራሴ ጊዜ እንደምጽፈው ነገርኋት። ከቀናት በኋላ ዕብራይስጡን ፈቀደች። ለአማርኛው ግን እንዲህ ያለ አሠራር የለንም አለች።

አማርኛውን ቤቴ ተቀምጬ ጻፍሁትና ለወንድሜ ላክሁለት። መልስ ሳይሰጥ ቆየ። በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ያልገባውን ሁሉ በእስክሪብቶ አስምሮበታል። ገና ከመቀመጡ፣ «ይኸ ምንድር ነው? ይኸስ? ሰው እንዲያነበው ነው ወይስ እንዲሸሽ?» እያለ በየቃሉ ተጣላኝ። ጎረቤት ጣቢያዎቹስ ራሳቸው የተሳሳቱ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ አለኝ። መለስሁለት፤ እንደገና ጠየቀኝ፤ እንደገና መለስሁለት። ያን ቀን እንደዚያ ስንጯጯህ ዋልን። ቀጥሎም በወፍራሙ ያሰመረባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥቼ በእሱ አነጋገር ተካኋቸው።

ወረቀቱን በማዕከሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ ቄሱም ቆመው ሲያነቡት ያዩ ሰዎች ነገሩኝ። ቪዲዮው እስከ ዛሬ አለ፤ ከእኔ ወረቀት ይልቅ ብዙ ሰው ያየዋል። ወንድሜ ታሪኩን ከንግግሩ እንዲያስቀርለት ለሰውየው ጽፎ ነበር፤ መልስ አላገኘም።

«ቴርሞሜትሩን አምኛለሁ» አለኝ በቀደም። «አለቃሽን ግን ገና አላመንሁም።»

እኔም ገና እንዳላመንኋት ነገርሁት።