«ውጡ» የማለት ሥልጣን

ጂንካ በአንድ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሳለሁ፣ አለቃዬ የእኛንና የኬንያን የአደጋ ሕግና አሠራር ጎን ለጎን እንዳነጻጽር አዘዘኝ። ለድንበር አካባቢ ስብሰባ የሚቀርብ ሰነድ ነበር። መልስ ያጣሁላት አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ፦ ጎርፍ ሊመጣ ሲል ሕዝቡን «ከዚህ ውጡ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው? እሷን ላጣራ ኦሞራቴ ወረድኩ።

ነሐሴ ነው። ኦሞራቴ ጠብታ አልጣለባትም፤ ወንዙ ግን ደጋ በዘነበው ዝናብ ደፍርሶ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እየተሸከመ ያልፋል። ዳር ባለች መንደር ዕድሜያቸውን በዓሣ ማስገር የፈጁ የዳሰነች ሽማግሌ፣ ጠዋት ደረቅ መሬት ላይ የተከሉትን እንጨት አሳዩኝ። ጫፉ ብቻ ይታያል።

«ውሃ ሲመጣ፣ በአንተ ወረቀት ማነው ውጡ የሚለን?» አሉኝ።

«ወረዳው ለዞን ያሳውቃል፣ አባባ። ዞኑ ለክልል። ከዚያ ይወሰናል።»

«ኬንያስ? ወንድሜ እዚያ ነው።»

«እዚያ ሥልጣኑ ወደ ካውንቲው፣ ማለትም ወደ አካባቢው አስተዳደር ወርዷል። እነሱም ግን ተሰብስበው ነው የሚወስኑት።»

ወንዙን አዩ። «ይሄ ስንት ቀን ይጠብቃል?»

ለአለቃዬ ደወልኩ። «ውሳኔ ሳይመጣ ሰው እንዳታስነሳ፤ ኋላ ተጠያቂ ትሆናለህ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከውሃው ይበልጥ ሥራዬን ማጣት ነበር ያስፈራኝ። ሆኖም ሽማግሌው እየተረጎሙልኝ በየቤቱ ዞሬ «ውጡ» አልኩ።

አብዛኛው ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ከፍታው ወጣ። አንድ ጎልማሳ ግን፣ አሮጊት እናቱ ከኋላው ተቀምጠው ሳለ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ደብዳቤ ይዘሃል?» አለኝ። ከዚህ ቀደም በቃል ብቻ ተነሡ ተብለው፣ ጎርፉ ሳይመጣ ማሽላቸውን ወፍ ጨርሶባቸው ነበር። ደብዳቤ አልነበረኝም። ወደ ቀጣዩ ቤት አለፍኩ።

ውሃው በማግስቱ ጠዋት ገባ። ድምፅ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ከፍ አለ። ከሽማግሌው ጋር በጀልባ ስንደርስ ጎልማሳው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የማሽላው ጎተራ ላይ ተቀምጧል። እናቱ አብረዋቸው አልነበሩም፤ ውሃው ቀድሞን ነበር።

እኔ ያለ ፈቃድ ሰው በማስነሣቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ወዲያውም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ። ሰነዱ ስብሰባው ላይ ሲቀርብ፣ ያቺ ጥያቄ ያለችበት ረድፍ ተሰርዞ ነበር።

ከዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እዚያው ወረድኩ። ሰዉ ውሃ በተወው ለም አፈር ላይ ተመልሶ ሰፍሯል። ጎልማሳው ሲያየኝ መጥቶ ጨበጠኝ።

«ዘንድሮም ከመጣ አንተ ትነግረናለህ?»

«እነግራችኋለሁ» አልኩት። መዛወሬን አልነገርኩትም። እሱም አመስግኖኝ፣ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ወደሚሠራው አዲስ ጎጆ ተመለሰ።