«ከራሴ ልጀምር» ይሉ የነበሩት አቶ ጌጡ

አቶ ጌጡ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ ከደብረ ብርሃን፣ እሳቸው ራሳቸው አንኮበር ቤቴ ጣሪያ ላይ በተከሉልኝ የኢንተርኔት መስመር። «አባባ» አለችና ተቆረጠ። መልሳ ደወለች። «ትናንት ማታ» አለችና ተቆረጠ። የቀረውን ሳትነግረኝ ገባኝ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተነሣሁ። ለቀብር ስሄድ ልቤን የከበደው ግን ሞታቸው ብቻ አልነበረም፤ የመስመሩ መቆራረጥም ነበር። ለምን እንደሆነ ለምታውቋቸው ሁሉ ልናገር።

የእኛ ጤና ጣቢያ ከደብረ ብርሃን ሐኪሞች ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሸንተረሩ ላይ በቆመው ምሰሶ ላይ ሳህን የመሰለ አንቴና ወደ ከተማው ዞሯል፤ የነፍሰ ጡር ሆድ ምስል በእሱ ይሄዳል፣ የሐኪሙ ቃል በእሱ ይመጣል። አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ይቆራረጥ ጀመር። አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት ሐኪሙ «ቶሎ» ብሎ ድምፁ ጠፋ። ቶሎ ምን እንደሚደረግ ማንም አልሰማም። ወደ ደብረ ብርሃን ሲወስዷት መንገድ ላይ ልጇን አጣች።

ቀበሌው ተሰብስቦ ጥፋተኛ አገኘ፤ የእኔን ባሕር ዛፍ። «ዛፍዎ አድጎ መስመሩን ጋርዶታል፣ ይቆረጥ» ተባልኩ። መጥረቢያ የያዙት ሰዎች ደጄ ላይ ሳሉ የመስመር ባለሙያው አቶ ጌጡ መሣሪያቸውን አዝለው፣ እያሳላቸው ዳገቱን ወጡ።

«መጥረቢያውን አስቀምጡት» አሉ። «ዛፍ ቢጋርደው ምልክቱ ይደክም ነበር። ይኸው ብርቱ ነው፤ ብርቱ ሆኖ ሳለ ነው የሚቆራረጠው። እላዩ ላይ የሚጮኽበት ሌላ ሬዲዮ አለ።»

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«ሳላጣራ የሰው ስም አልጠራም፣ እትዬ አስካለ። እዚህ ያለውን የኢንተርኔት ሬዲዮ ሁሉ ተራ በተራ እናጠፋለን። ከራሴ ልጀምር፤ የርስዎን ቤት ሬዲዮ የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«ዛፌን አድነው መስመሬን ሊያጠፉብኝ?»

«ፍርድ እኩል ይሁን የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

መሰላሉን ራሴ አቀረብኩላቸው። የእኔን አጠፉ፤ በጤና ጣቢያው መስመር ላይ ለውጥ የለም። የትምህርት ቤቱን አጠፉ፤ ለውጥ የለም። ባለሆቴሉ ግን «እንግዶቼ ይጉላላሉ» ብሎ እምቢ አለ። በርጩማዬን አስመጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ መግቢያ ዘጉብኝ እኮ።»

«የእኔ ጠፍቷል። የተማሪዎቹ ጠፍቷል። ያንተ ሬዲዮ ጳጳስ ነው?»

የቆመው ሰው ሳቀበት፤ እሱም አጠፋው። ያኔ ነርሷ ከጤና ጣቢያው ወጥታ «ሐኪሙ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለች። ለካ የሆቴሉን ሬዲዮ የተከለው ሰው ጤና ጣቢያው በሚሠራበት ሞገድ ላይ አድርጎት፣ ኃይሉንም ከልክ በላይ ከፍቶት ኖሯል። አቶ ጌጡ አልተቆጡም። ሞገዱን ለወጡለት፣ ኃይሉን ዝቅ አደረጉለት፣ አንቴናውንም አቃኑለት። የእንግዶቹ ኢንተርኔት ከፊተኛው ተሻለ። ሲሰናበቱኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንድ ቀን ሌላ ሰው ይነካካዋል» አሉኝ። «መስመር ደግሞ በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ መጀመሪያ ይንተባተባል። ያኔ አይዘናጉ።»

እንዲህ ነበሩ። ደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ በነፃ መስመር ሲተክሉ፣ አስተባባሪው «ቢሮዬ ይሁን» ቢላቸው ውኃ መቅጃው አጠገብ አቆሙት፤ «ሁሉም የሚመጣበት እዚያ ነው» ብለው። ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር ሳል ቃላቸውን እየበጣጠሰው ነበር። «ይታከሙ» ብላቸው፣ «እኔም መንተባተብ ሳልጀምር አልቀረሁም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ከፊተኛው የሚበልጥ አዲስ አንቴና ቆሟል። በእሳቸው ቦታ የመጣው ባለሙያ ምሰሶውን ከታች አንጋጦ አየና «ጉም ነው» ብሎ ተመለሰ። የጤና ጣቢያው መስመር ግን ጉም በሌለበት ቀንም ይቆራረጣል። የልጅ ልጄ ትዕግሥት ወሯ ገብቷል። ነርሷ ሆዷን ዳስሳ «ልጁ አግድም ነው የተኛው፣ ሐኪሙ ይየው» አለች። ትናንት ምስሉን ስትልክ ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ።

አቶ ጌጡ፣ አፈሩ ይቅለልዎት። ዓይኔ የሆቴሉ ጣሪያ ላይ ነው፤ ነገር ግን ሳላጣራ ስም እንዳልጠራ አስተምረውኛልና አልጮኽም። ነገ ማለዳ መጀመሪያ የራሴን አጠፋለሁ። ልጅዎ ብትደውል አታገኘኝም፤ አትቀየመኝ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። ከዚያ በርጩማዬን ይዤ ሆቴሉ ደጃፍ እቀመጣለሁ። ትዕግሥት እስክትገላገል ከዚያ የሚያነሣኝ የለም። ዛፎቼ እንደተዉልኝ ቆመዋል። የሸንተረሩ ምሰሶ ግን ከደጄ አይታይም፤ ጉሙ ከቆላው እየወጣ ነው። እርስዎ ይረፉ፤ እኔ አልተኛም።